ከመሳለሚያ ጋን እስከ ቤልጂግ ገዳም

እ.ኤ.አ. በ1937 እና በ1938፣ ኢትዮጵያ በፋሺስት ጣሊያን ወረራ ሥር ሳለች፣ የጀርመን ዘር ሰብሳቢዎች የገብስ ናሙና ከአገራችን ለቅመው ወሰዱ። ከወሰዷቸው መካከል ጥቂቶቹ ልዩ ሆነው ተገኙ። የገብስን ቅጠል ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት አስመስሎ ምርቱን የሚያመነምነው የሻጋታ በሽታ እነዚህን አይደፍራቸውም ነበር። ተመራማሪዎች ይህን ብርታት የሚያወርሰውን ዘረ መል «ኤም ኤል ኦ 11» ብለው መዘገቡት። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1979፣ «አተም» በተባለ የገብስ ዝርያ ውስጥ ገብቶ ለአውሮፓ ገበሬ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ለቢራ ብቅል ከሚዘሩት የጸደይ ገብሶች ብዙዎቹ ያንን ከኢትዮጵያ የሄደ ውርስ ተሸክመው ያፈራሉ።

በእነዚያው ዓመታት አዲስ አበባ ላይ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። ጣሊያኖች ነጭና ጥቁር ተለያይቶ የሚኖርባት ከተማ ለማድረግ ባወጡት ዕቅድ መሠረት አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያ አንሥተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት። ቦታውን «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አሉት፤ የአገሬው ሰው ገበያ ማለታቸው ነው። ወራሪው በአምስት ዓመቱ ወጣ፤ ገበያው ግን ቀረ። አደገ፣ በየተራው ተከፋፈለ፣ የአገሪቱ ንግድ እምብርት ሆነ። ሸማው በሸማ ተራ፣ ሚስማሩ በሚስማር ተራ ሲደራጅ እህሉ መሳለሚያ ላይ ከተመ። ጎጃም በረንዳ ደግሞ ከዓባይ ማዶ ለሚመጣው ነጋዴና መንገደኛ ማረፊያ ሆነ።

ያ ገብስና ይህ ገበያ መጠጥ ላይ ይገናኛሉ። ጠንካራና ጥቁር ቢራ ሲነሣ የዓለም ሰው ቀድሞ የሚያስበው ቤልጂግን ነው። መነኮሳት በገዳማቸው ግቢ የሚጠምቁት፣ በትንሽ ጠርሙስ የሚቀርብ፣ አንዱ ለአንድ ምሽት የሚበቃ መጠጥ አላቸው። እኔ ግን ታሪኩን ከመሳለሚያ እጀምራለሁ። ለበዓል ተብሎ የሚጠመቅ፣ ጥቁርና ኃይለኛ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚቀመስ የገብስ መጠጥ እኛም አለን፤ ጥቁር ጠላ። ከእነሱ አልተማርነውም፤ እነሱም ከእኛ አልወሰዱትም። ሁለት ሕዝቦች ከአንድ እህል ተነሥተው፣ ሳይተዋወቁ፣ ወደ አንድ ጣዕም ተቃርበዋል። ይህን ነው ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው።

የመሳለሚያውን እህል በረንዳ በበዓል ዋዜማ ሰሞን ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ከጎጃም፣ ከአርሲ፣ ከሰሜን ሸዋ የመጣው ጆንያ ተደርድሯል። ጤፉ ሰፊውን ቦታ ይዟል፤ ገብሱ፣ በቆሎው፣ ማሽላውና ዳጉሳው ከጎኑ አለ። ለድግስ የሚገዙት ሴቶች ገብሱን እንዲሁ አይሰፍሩም። እፍኝ አንሥተው ያሸታሉ፣ ፍሬውን በጣታቸው ይፈትጋሉ፣ ነቀዝ የገባበት እንደሆነ ይተዉታል። ነቀዝ የበላው ወይም የከረመ ገብስ ለአሻሮ ይሆን ይሆናል እንጂ ለብቅል አይሆንም፤ አይበቅልማ። ጌሾውም በዓይን ይመረጣል፤ አረንጓዴነቱ ያልጠፋ፣ ሲፈረክሱት የሚሸት።

ኢትዮጵያ የገብስ ሀብታም አገር መሆኗን የውጭ ሳይንቲስቶች ቀድመው ጽፈዋል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችን መጥቶ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቷል፤ በየገበያውና በየማሳው እየዞረም ዘር ሰብስቧል። ኢትዮጵያን የሰብል ብዝኃነት ከበለጸገባቸው የዓለም ማዕከላት አንዷ ብሎ ሲመዘግብ ገብስ ከዋናዎቹ ምስክሮቹ አንዱ ነበር። ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ሰነፍ ቆሎው፣ ሁሉም የየራሱ ባለቤት፣ የየራሱ ምግብ አለው። ይህ ሁሉ ዓይነት ተጠብቆ የኖረው ገበሬው ለቆሎው፣ ለገንፎው፣ ለበሶውና ለጠላው የተለያየ ገብስ ስለሚፈልግ ነው። የጠላ ጋን የዘር ጎተራችንን ጠብቆልናል ብል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ጋኑ እንግባ፤ የነገሩ ልብ ያለው እዚያ ነው።

ጠማቂዋ ከሁሉ በፊት ጋኑን ታጥባለች። በግራዋ ቅጠል ታሸዋለች፣ ደጋግማ ታለቀልቀዋለች፣ ከዚያ የወይራ እንጨት አጭሳ ጋኑን ጭሱ ላይ ትደፋዋለች። ጭሱ ጋኑን ያጸዳል፤ ሽታውንም ለጠላው ያወርሳል። የተወቀጠው የጌሾ ቅጠል በውኃ ተበጥብጦ ጋኑ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይሰነብታል። ይህ ጥንስሱ ነው። ቀጥሎ የተፈጨ ብቅል ይገባል፤ ቂጣ ተጋግሮ፣ ተቆራርሶ ይገባል። ድፍድፉ ይፈላል፣ ይንጫጫል፣ ወደ ላይ ይገፋል። በመጨረሻ እንኩሮው ተጨምሮ፣ ውኃው ተሞልቶ፣ የጋኑ አፍ በጨርቅና በጭቃ ይመረጋል።

ጥቁረቱ ከእሳት ነው የሚመጣው። ጠማቂዋ ዱቄቱን በጥቂት ውኃ አሽታ ምጣድ ላይ እያማሰለች ታምሰዋለች፤ እንኩሮ የሚባለው እሱ ነው። ገብሱም ታምሶ ተፈጭቶ አሻሮ ይሆናል። ቂጣውም ከተለመደው በላይ ምጣዱ ላይ ይቆያል። በሙቀት ኃይል የእህሉ ስኳርና ፕሮቲን ተዋሕደው አዲስ ቀለምና አዲስ ጣዕም ያወጣሉ፤ የዳቦ ቅርፊትና የቡና ሽታ የሚወለደውም በዚሁ መንገድ ነው። ጥቂት ከታመሰ ጠላው ወርቃማ ይሆናል። ብዙ ከታመሰ ቀይ ዳማ፣ ከዚያ ቡናማ፣ በመጨረሻ ጥቁር። ካረረ ግን ምሬቱ ሁሉን ይገዛል። በዚህ መካከል ያለውን ጠባብ መስመር በዓይንና በአፍንጫ ብቻ የምታውቅ ሴት ናት ጥቁር ጠላ የሚዋጣላት።

ሌላም ብልሃት አለበት። የታመሰ እህል ብቻውን ወደ መጠጥ አይለወጥም። ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይሩት ኢንዛይሞች በእሳቱ ይሞታሉ። ስለዚህ ብቅሉ አይታመስም፤ በፀሐይ ደርቆ ነው የሚፈጨው። ሕይወቱን የያዘው ብቅል የታመሰውን እህል ሁሉ ወደ ስኳር ይመራዋል፣ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ይህን ሚዛን እናቶቻችን ላቦራቶሪ ሳይኖራቸው ደርሰውበታል። በየመንደሩ ተፈትኖ፣ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ እውቀት ነው። ጥቁረቱም እንደየአገሩ ይለያያል፤ የጎንደር ጠላ በጥቁረቱ ይታወቃል፤ በዚያው በጎንደር በኩል ደግሞ ቅማንቶች ኮረፌ የሚባል የራሳቸው መጠጥ አላቸው። አዲስ አበባ ሁሉንም ሰብስባለች። መርካቶ የመጣ ሰው የአገሩን ጣዕም ይዞ ነው የመጣው።

ከጋኑ የሚወጣው አንድ ዓይነት መጠጥ አይደለም። ሳይጠልል የሚቀዳው ጉሽ ነው። ጠልሎ የሚቀዳው ዋናው ጠላ ነው። ድፍድፉ ላይ ዳግመኛ ውኃ ተጨምሮ የሚወጣው ቅራሬ ነው፤ ቀላል፣ ጥም የሚቆርጥ። የቀረው አተላ ለከብት ይሆናል፤ የሚጣል ነገር የለም። ከሁሉ በላይ የሚቆመው ግን ፊልተር ጠላ ነው። ውኃው ይቀነሳል፣ እህሉ ይበዛል፣ ድፍድፉ ወፍራም ሆኖ ይብላላል፤ በመጨረሻም በንጹሕ ጨርቅ ይጠልላል። ጥናቶች እንደለኩት የተለመደው ጠላ የአልኮል መጠን ከ2 እስከ 6 በመቶ ገደማ ነው፤ ፊልተር ጠላ ወደ ላይኛው ጫፍ ይጠጋል፣ ያልፈዋልም። እሱ በጣሳ የሚጨለጥ አይደለም። በብርጭቆ ይቀዳል፣ ቀስ ተብሎ ይጠጣል።

መሳለሚያ አካባቢ አንዲት ጠማቂ ለማኅበር ያዘጋጁትን ጥቁር ፊልተር እንድቀምስ ቀድተውልኝ ነበር። «እትዬ፣ ለምን እንዲህ ጠቆረ?» ብላቸው «ልጄ፣ ምጣዱን አልፈራሁትማ» አሉኝ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ሳነሣው ጥቁሩ ውስጥ ቀይ ጠርዝ ይታያል። መጀመሪያ የወይራው ጭስ መጣ፤ ከዚያ የተጠበሰ ዳቦ፤ ቀጥሎ ዘቢብ የመሰለ ጣፋጭ ነገር። መጨረሻ ላይ ጌሾው ምላስን ያዘ፤ ከዋጡት በኋላም ጥሎ አልሄደም። ትንሽ ኮምጠጥ ይላል፤ እሱ ነው ጣፋጩ እንዳያሰለች የሚጠብቀው።

ይህን ቀምሼ ሳበቃ ነው የቤልጂጉን በአዲስ ዓይን ያየሁት።

በቤልጂግ ትራፒስት የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት የቅዱስ ቤኔዲክቶስን ሥርዓት ይከተላሉ፤ ሥርዓቱ መነኩሴ በእጁ ሥራ እንዲኖር ያዛል። አንዳንዱ ገዳም አይብ ሠራ፣ አንዳንዱ ቢራ ጠመቀ። የቬስትማለ ገዳም መጥመቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1836 ነው፤ ጠንከር ያለውን ጥቁር ቢራ በ1856 አወጣ። የሺሜ መነኮሳት በ1862 ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1948 አባ ቴዎዶር የተባሉ መነኩሴ የገዳሙን እርሾ ለይተው አወጡ፤ ለገና በዓል የሚሆን ጥቁርና ጠንካራ ቢራም ተጠመቀ። ዛሬ ሺሜ ሰማያዊ ተብሎ የሚታወቀው እሱ ነው፤ 9 በመቶ አልኮል አለው። ሮሽፎር 10 የተባለው 11.3 በመቶ ይደርሳል። ቬስትፍሌተረን 12 ደግሞ 10.2 በመቶ ነው፤ መነኮሳቱ የሚጠምቁት ለኑሯቸው የሚበቃቸውን ያህል ብቻ ስለሆነ ፈላጊው ተመዝግቦ ወረፋ ይጠብቃል። ትራፒስት የሚለውን ማኅተም ለመያዝ ሦስት ግዴታ አለ፤ ቢራው በገዳሙ ቅጥር ግቢ ይጠመቃል፣ መነኮሳቱ ይቆጣጠሩታል፣ ትርፉም ለገዳሙ መተዳደሪያና ለበጎ አድራጎት ይውላል።

እንግዲህ የእኛን ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር አስቡት። ለሚካኤል፣ ለማርያም፣ ለመድኃኔዓለም የሚጠመቀው ጠላ ለሽያጭ አይጠመቅም። ተረኛው ይደግሳል፣ ማኅበርተኛው በአንድነት ይቀምሳል፣ ደጅ የቆመው ነዳይ ይጋበዛል። በራጉኤልም ሆነ በአማኑኤል አጥቢያ ያለ ማኅበርተኛ ይህን ያውቀዋል። መጠጡ ከጸሎት ቀጥሎ የሚመጣ፣ ልክ ያለው፣ ቀን የተቆረጠለት ነገር ነው። ጠንካራ ቢራ ልከኛ ሆኖ ሊኖር የሚችለው እንዲህ ያለ ሥርዓት ሲይዘው ነው፤ የቤልጂጉም የእኛም ታሪክ ይህን ይመሰክራል።

የቤልጂግ ቢራ እንዲህ የበረታበት አንድ ዓለማዊ ምክንያትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1919 የሶሻሊስቱ የፍትሕ ሚኒስትር ኤሚል ቫንደርቬልደ ባቀረቡት ሕግ በመጠጥ ቤቶች እንደ አረቄ ያለ የተጣራ ኃይለኛ መጠጥ መሸጥ ተከለከለ። ሕጉ እስከ 1983 ጸንቶ ቆየ። ጠጪው ከቢራ ብርታት ፈለገ፣ ጠማቂዎቹም ብርታቱን ሰጡት። ሠራተኛውን ከአረቄ ለማዳን የወጣ ሕግ ወደ ቢራ ጥበብ መራ።

አሠራሩን ስናነጻጽር ዝምድናው ይበልጥ ይታያል። ዛሬ ከፋብሪካ የምንጠጣው ላገር ቢራ እርሾው በቅዝቃዜ የሚሠራ፣ ለሳምንታት በብርድ የሚተኛ ነው። የቤልጂጉ ጥቁር ግን ኤል ከሚባለው ወገን ነው፤ እርሾው ሞቅ ባለ አየር ይሠራል፣ ሲሠራም የፍራፍሬና የቅመም ሽታ ያወጣል። በጠላ ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠራው እርሾ፣ ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ፣ ከዚያው ከኤሉ ወገን ነው። እኛ ጌሾ እንጨምራለን፣ እነሱ ሆፕ። ልዩነቱ በቀለሙ ላይ ነው። የቤልጂግ ጠማቂ ጥቁረቱን በአብዛኛው የሚያገኘው በእሳት ከጠቆረ የስኳር ሽሮፕ ነው፤ ስኳሩ ቢራውን ሳያወፍር አልኮሉን ከፍ ያደርገዋል። የእኛዋ ጠማቂ ጥቁረቱን የምታወጣው ከእህሉ ከራሱ ነው። በእኔ ፍርድ ይህ የእኛው ከባዱ መንገድ ነው።

አንድ ወዳጄ ከብራስልስ ያመጣልኝን የሺሜ ሰማያዊ ጠርሙስ ከፍቼ ስቀምሰው ዘቢቡን አገኘሁት፣ የተቃጠለውን ስኳር አገኘሁት፣ ቅርንፉድ የመሰለ ነገርም ነበረበት። አረፋው ወፍራም ነው፣ ጋዙ ምላስን ይወጋል። ጭሱ የለበትም፣ ኮምጣጣነቱም የለም። ከጥቁር ፊልተር ጠላ ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው እንደ ሁለት የአክስት ልጆች ይተያያሉ። ሁለቱም ከበረዶ ጋር አይሄዱም። የቤልጂጉን ከ10 እስከ 12 ዲግሪ አካባቢ አድርጎ፣ ሰፊ አፍ ባለው ብርጭቆ መጠጣት ይመከራል፤ ጠላም ከጋኑ እንደወጣ፣ በቤቱ ቅዝቃዜ ነው የሚጣፍጠው። በረዶ ሽታውን ይገድለዋል።

ቤልጂጎች ለዚህ ሀብታቸው ክብር ሰጥተውታል። የቤልጂግ የቢራ ባህል እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ውሳኔው የተላለፈበት ጉባኤ የተካሄደው አዲስ አበባ ነው። በኅዳር 2009 ዓ.ም. በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዳራሽ የተሰበሰበው ኮሚቴ፣ የእኛን የገዳ ሥርዓት በመዘገበበት ጉባኤ የቤልጂግን ቢራም መዘገበ። ከዚያ አዳራሽ እስከ እህል በረንዳ በመኪና ሩቅ አይደለም።

በሁለቱ አገሮች መካከል የቆየ ግንኙነትም አለ። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 አውሮፓን ሲጎበኙ ብራስልስ ገብተዋል። በ1930 የቤልጂግ መኮንኖች ክቡር ዘበኛን ለማሠልጠን መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1922 የተቋቋመው የመጀመሪያው የአገራችን የቢራ ፋብሪካ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ታሪኩ ሲነገር መሥራቹ ቤልጂጋዊ እንደነበሩ ይወሳል። ይሁን እንጂ ቅዱስ ጊዮርጊስ የጠመቀው የገዳማቱን ጥቁር ቢራ አልነበረም፤ ቀላሉን፣ ቢጫውን ላገር ነው ያስለመደን። ሜታ በሰበታ፣ ሐረር በሐረር፣ በደሌ በበደሌ ተከታትለው ሲመጡ መንገዱ ያው ሆነ። የቤልጂጉ ዩኒብራ ከአገር ውስጥ ባለሀብቶች ጋር ሆኖ ጉራጌ ላይ ዘቢዳርን ሲያቋቁም እንኳ የወጣው ቢጫ ላገር ነው። ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ የሰሜን ሸዋን ገብስ ወደ ብቅል የሚቀይረው ቦርትማልትም የቤልጂግ ኩባንያ ነው።

ጥቁር ቢራ ጨርሶ አልተሞከረም ማለት አይደለም። ሐረር ሐኪም ስታውትን አውጥቷል። ቦሌ ላይ የጀርመን ዓይነት ቢራ እየጠመቀ የሚሸጠው ቢራ ጋርደን ኤቦኒ የሚለው ጥቁር ቢራ አለው። ሁለቱም ደግ ጅምሮች ናቸው፤ ሆኖም ጌሾና ወይራ የላቸውም።

ላገር ቢራው ድግሳችንን ቀስ በቀስ ወሰደው። ትናንት ለሠርግ ሁለት ሦስት ጋን ይጣል የነበረበት ግቢ ዛሬ ሳጥን ይራገፍበታል፣ የድራፍት ማሽን ይቆምበታል። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ጋን ቦታ ይፈልጋል፤ የኮንዶሚኒየም ቤት ጋን አይችልም። ጭሱ ጎረቤት ያስቸግራል። ምጣድ ላይ ቆሞ የሚያምስ ሰው ጊዜ ያስፈልገዋል። ያም ሆኖ ጠላ ትንሽ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1991 ሲኔት በተባለው የኢትዮጵያ የሳይንስ መጽሔት ስለ ጠላ መብላላት የወጣ ጥናት በአዲስ አበባ ብቻ በየቤቱና በየጠላ ቤቱ በዓመት ከ2 ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር በላይ ጠላ እንደሚጠመቅ ገምቶ ነበር። 200 ሚሊዮን ሊትር ማለት ነው። ይህን ሁሉ የጠመቁት ሴቶች ናቸው። ስንት ልጅ በዚያ ገቢ ተምሯል፣ ስንት ቤት በዚያ ጸንቷል! በር ላይ እንጨት ተተክሎ ጣሳ ተደፍቶበት ያየ ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ አንዲት እናት ቤተሰብ እያስተዳደረች መሆኑን ያውቃል። ስማቸውን የጻፈ ግን ጥቂት ነው። የሺሜው አባ ቴዎዶር ስማቸው በዓለም የቢራ መጻሕፍት ሲነሣ የጥቁር ጠላን ሚዛን ያገኘችው ሴት ስም የለም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ሊያሳዝነንም ይገባል።

ስለ ልክም በግልጽ መናገር አለብኝ። አንድ 33 ሳንቲ ሊትር የሮሽፎር 10 ጠርሙስ ከሁለት ጠርሙስ ተራ ቢራ የሚበልጥ አልኮል ይዟል። የፊልተር ጠላ ችግር ደግሞ ሌላ ነው፤ መጠኑ ተለክቶ አልተጻፈበትም። አንዷ ጋን ከሌላዋ ትለያለች፣ ጣፋጭነቱ ብርታቱን ይሸፍነዋል፣ ጠጪውም ሲነሣ ነው የሚያውቀው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፣ የአልኮል ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውጥቷል። መልካም አድርጓል። ጥቁር ጠላ ማስታወቂያ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ቀኑ፣ ማዕዱና አብሮ የሚቀምስ ወዳጅ ነው። መኪና የሚነዳ ሰው አይቅመስ። የማይጠጣም አይገደድ። መርካቶ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ገበያ ናት። በታመሰ ገብስ የሚዘጋጀውን፣ እንደ ጠላው የጠቆረውን ቅሪቦ ሠርጉ ላይ ለሁሉም የሚያቀርብ ደጋሽ የገብሱን ጣዕም ከማንም አልነፈገም።

እንግዲህ ምን ይሁን? የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የገብሱን ዘር በቀዝቃዛ ክፍል እየጠበቀ ነው፤ ነገር ግን የአሻሮውን አቆላል፣ የድፍድፉን ውፍረት፣ የጋኑን አስተጣጠን ማቀዝቀዣ አይጠብቀውም። ይህን የሚያውቁት እናቶች በሕይወት ሳሉ ተቀምጦ መጻፍ፣ መቅረጽ፣ መለካት ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ የባህል ቢሮ ከመሳለሚያና ከጎጃም በረንዳ ቢጀምር ሥራው ግማሽ መንገድ ይሄዳል፤ እህሉም ጠማቂዎቹም እዚያው ናቸው። ፋብሪካዎቻችንም ጌሾ የገባበት፣ በወይራ የታጠነ፣ የአልኮል መጠኑ የተጻፈበት ጥቁር ቢራ በትንሽ ጠርሙስ፣ ለበዓል ብቻ ቢጠምቁ ገዥ አያጡም። ሲጠምቁ ግን አብረዋቸው የሚሠሩ ጠማቂ እናቶች ይኑሩ፤ የድርሻቸውንም ያግኙ።

አንባቢ ሆይ፣ ፋብሪካና ቢሮ እስኪነቃ መጠበቅ የለብህም። የሚቀጥለው በዓል ከመድረሱ አንድ ወር ቀደም ብለህ በሰፈርህ የምትታወቀውን ጠማቂ ፈልግ። ጥቁር ፊልተር እንደምትፈልግ ንገራት፣ የድካሟን ዋጋ ሳትከራከር ክፈል፣ ምጣዱ ላይ ስትቆምም ልጅህን ይዘህ ሂድና ይመልከት።